ትልቁ ድንጋይና ትንሿ ከሰል

ጎንደር ፒያሳ ቆሞ ዙሪያውን ለሚቃኝ ሰው ዘመንን መለየት ቀላል ይመስላል። ወዲህ ጣሊያን በወረራው ዓመታት፣ ከ1936 እስከ 1941፣ የሠራቸው ሕንጻዎች አሉ፤ እልፍ ሲሉ ደግሞ ዐፄ ፋሲል በ1636 ከተማዋን ከቆረቆሩ ወዲህ ነገሥታቱ እየተፈራረቁ ያስገነቡት ግቢ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የምናውቀው ግን ከድንጋዩ አይደለም። ዜና መዋዕሉና የተጓዦች ማስታወሻ ስላለ ነው። ጽሑፉ ሁሉ ቢጠፋና አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ የሰሜኑን ደጋ ጥቁር ድንጋይ ወስዶ ዕድሜውን ቢለካ፣ የሚያገኘው መልስ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እሱ ደግሞ የእሳተ ገሞራው ቅልጥ አለት የረጋበት ጊዜ እንጂ ግንበኛው የጠረበበት ቀን አይደለም።

የጥንት የድንጋይ መቃብር የሚያጠኑ ሰዎች ፈተናም ይኸው ነው። ዜና መዋዕል የለም፣ ድንጋዩም አይናገርም። ቅርጹን አይቶ ዘመን መገመት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ሁለት መቃብሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

የመጀመሪያው አየርላንድ ውስጥ ያለው ኒውግሬንጅ ነው። 85 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ጉብታ ሲሆን፣ ከጫፉ 19 ሜትር ገደማ የሚረዝም በትልልቅ ድንጋይ የታነጸ ጠባብ መተላለፊያ ወደ መቃብር ክፍሉ ይወስዳል። ሌሊቱ እጅግ በሚረዝምበት በታኅሣሥ ሰሞን ንጋት ላይ የፀሐይ ብርሃን ከበሩ በላይ ባለች ክፍተት ገብቶ እስከ ክፍሉ ይደርሳል። ይህን በ1967 በዓይኑ ያየው ስፍራውን ሲቆፍር የነበረው ማይክል ኦኬሊ ነው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3200 አካባቢ፣ በኒዮሊቲክ ዘመን ነው፤ ሰው ማረስና ማርባት የጀመረበት፣ መሣሪያው ግን ገና ድንጋይ የነበረበት ዘመን ማለት ነው።

ሁለተኛው እዚሁ አማራ ክልል ነው። ፍራንሷ ዣቪየ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒየ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በዚህ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በመንዝና በወሎ ደጋዎች የሚገኙ ጉብታዎችን ሲያጠኑ፣ ተተር ጉር በተባለው ቦታ ከጉብታው ሥር በትልልቅ ድንጋይ የተሠራ መተላለፊያና መቃብር ክፍል አገኙ። ጉብታ፣ መተላለፊያ፣ ክፍል፤ ንድፉ የኒውግሬንጅ ዘመድ ነው ቢባል ማን ይከራከራል? ዕድሜው ሲለካ ግን 10ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ መካከል አራት ሺህ ዓመት አለ። እነዚያን የአየርላንድ ገበሬዎች ከመንዝ ሰዎች ጋር የሚያገናኝ አንዳች ነገር የለም። ሰው ሬሳን ከአውሬና ከዝናብ ጠብቆ፣ እንደገና ከፍቶ ሌላ ሙት ለማስገባት ሲፈልግ የሚደርስበት መላ ብዙ አይደለም፤ እኔ መመሳሰሉን የምረዳው እንዲህ ነው።

ተመራማሪዎቹ ይህን ባህል «ሻይ» ብለው ሰይመው ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን እንደቆየ በ2012 ባወጡት መጽሐፍ አስረድተዋል። በመቃብሮቹ ውስጥ የተወለወለ ጥቁር ሸክላ፣ ጌጣጌጥና የመስታወት ጨሌ አለ። ጨሌው የባሕር ንግድ የሚያመጣው ዕቃ ነውና ባለቤቶቹ ደጋ ላይ ተዘግተው የኖሩ አልነበሩም። ከሙት ጋር ዕቃ መቅበር ግን የክርስቲያንም የሙስሊምም ሥርዓት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ሃይማኖቶች በዙሪያቸው ሲስፋፉ በራሳቸው ልማድ የጸኑ ባለጸጋ ሰዎች እንደነበሩ መቃብሩ ይመሰክራል። ለእኔ ከድንጋዩ ግዙፍነት ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ የነገሥታቱ ታሪክ እነዚህን ሰዎች ዘሏቸዋል።

ዘመኑ እንዴት ታወቀ? ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ካርበን 14 የተባለውን ጨረር አመንጪ ካርበን ከአየርና ከምግብ ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱን ያቆማል፤ በውስጡ ያለው ደግሞ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረውን ለክቶ፣ ዕድሜያቸው በቀለበታቸው ተቆጥሮ ከታወቀ ዛፎች ጋር አስተያይቶ፣ የሞተበትን ጊዜ ማስላት ይቻላል። ስለዚህ በመቃብር ቁፋሮ ውድ የሚባለው የአጥንት ስባሪ፣ የእህል ፍሬ፣ የጥፍር ታህል ከሰል ነው። እዚህም ወጥመድ አለ። የሦስት መቶ ዓመት ጽድ ተቆርጦ ቢነድ፣ ከግንዱ እምብርት የመጣው ከሰል ከእሳቱ በሦስት መቶ ዓመት ያረጀ ሆኖ ይለካል፤ የአንድ ክረምት ሰብል የሆነ የገብስ ፍሬ ግን እንዲህ አያሳስትም። መተላለፊያ ያለው መቃብር ደግሞ እየተከፈተ ስለሚቀበርበት፣ የላይኛው አጥንት መቼ ተሠራ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆንም።

አንድ ልኬት ምን ያህል ታሪክ እንደሚያናውጥ በጌዴኦ ታይቷል። የዚያ አካባቢ ትክል ድንጋዮች ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ወዲህ የቆሙ ይመስሉ ነበር። አሸናፊ ዜናና ባልደረቦቹ በ2021 ያሳተሙት ጥናት ግን ሳካሮ ሶዶ በተባለው የጌዴኦ ቦታ ያሉትን ወደ 1ኛው ክፍለ ዘመን መለሳቸው፤ ሺህ ዓመት በአንድ ጊዜ። የጢያ ትክል ድንጋዮች በበኩላቸው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የሚዘልቁ ናቸው፤ ሐረርጌ ውስጥ ሮዤ ዡሶም ያጠናቸው የድንጋይ ጠረጴዛ የሚመስሉ መቃብሮች፣ ዶልመኖች፣ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2ኛው ሺህ ዓመት ይወርዳሉ። በአገራችን ትልቅ ድንጋይ አቁሞ ሙትን ማክበር የአንድ ዘመን ሥራ አልነበረም ማለት ነው።

ወደ ጎንደር ስንመለስ የአካባቢው የጥንት ገበሬዎች አሻራ የተገኘው ከጉብታ ሳይሆን ከዋሻ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ፣ በቤጌምድር፣ ጆአን ዶምብሮቭስኪ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላሊበላና ናጫቢየት የተባሉ ዋሻዎችን ቆፍራ የገብስና የሽምብራ ፍሬ፣ የከብትም አጥንት አገኘች። (ላሊበላ የተባለው ዋሻ ነው፤ ውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹ ያሉበት ከተማ አይደለም።) የላሊበላ ዋሻ ግኝት ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት አካባቢ የሚሄድ ነው። ከዶምብሮቭስኪ ቁፋሮ ቀደም ሲል፣ በ1940ዎቹ፣ ከጎንደር በስተደቡብ ባለችው ጎርጎራ ከአለት ጥላ ሥር የተቆፈሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን መርምሮ ያሳተመው ሉዊስ ሊኪ ነበር። እነዚህ ቦታዎች ለፎቶ የሚያምር ነገር የላቸውም፤ ጎብኚም አይጎርፍባቸውም። ሁለቱ ዋሻዎች ግን ስለ ደጋው አራሽ ሕይወት ከብዙ ሐውልት ይልቅ ያስረዳሉ።

ጉብታ ሥር ወርቅ አለ በሚል ወሬ አካፋ ይዞ የሚወጣ ሰው ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ጨሌው ቢገኝና ቢሸጥ እንኳ ጨሌነቱ አይጠፋም፤ ከየትኛው አፈር ንብርብር፣ ከየትኛው አጥንት አጠገብ እንደወጣ ካልታወቀ ግን ስለ መቃብሩ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከአፈሩ ጋር ተዝቆ የሚጣለው ከሰል ደግሞ ራሱ ቀኑ ነበር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209፣ በእኛ አቆጣጠር የ1992ቱ፣ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ሲያርስም ሆነ መሠረት ሲያወጣ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል።