ዲፌነስትሬት፦ ሰውን በመስኮት የሚወረውር ግሥ

መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው የንግሥት ኤልዛቤልን አሟሟት ያውቃል። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 9 እንደተተረከው፣ በእስራኤል ላይ እንዲነግሥ የተቀባው ኢዩ ወደ ኢይዝራኤል ሲገባ ንግሥቲቱ ተኩላና አጊጣ በመስኮት ትመለከት ነበር። ኢዩ ቀና ብሎ ከእሱ ጋር የሚያብር ሰው እንዳለ ጠየቀ። ሁለት ሦስት ጃንደረቦች ብቅ አሉ፤ እንዲወረውሯት አዘዛቸው፤ ወረወሯት።

ይህን ድርጊት እኛ «በመስኮት ወረወሯት» ብለን እንገልጸዋለን። እንግሊዝኛ ግን ለዚሁ ብቻ የተለየ አንድ ግሥ አለው፦ ዲፌነስትሬት። ትርጉሙ ሰውን ወይም ዕቃን በመስኮት ወደ ውጭ መወርወር ነው። ቃሉን መጀመሪያ ሲሰሙት እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች እንኳ ይገረማሉ፤ በየቀኑ ለማይደረግ ነገር የራሱ ግሥ ለምን አስፈለገው? ምላሹ ያለው በአንዲት ከተማ ታሪክ ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን ቃሉን ራሱን እንፍታው።

ቃሉ ሲፈታ

ዲፌነስትሬት ከላቲን የመጣ ሲሆን ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ላይ ያለው «ዲ» ከአንድ ስፍራ ማራቅን ወይም ወደ ታች ማውረድን ያመለክታል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን «ዲፖርት ተደረገ» ሲሉ የሚሰማው «ዲ» ይኸው ነው፤ «ፖርት» በላቲን መሸከም ስለሆነ፣ ዲፖርት ማድረግ ከነበሩበት አንሥቶ መውሰድ ማለት ነው። መካከል ላይ ያለው «ፌነስትራ» መስኮት ነው። ጣሊያኖች «ፊኔስትራ»፣ ፈረንሳዮች «ፍኔትር»፣ ጀርመኖች «ፌንስተር» የሚሉት ሁሉ ከዚህ ቃል የተወለደ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ኤት» ደግሞ ቃሉን ግሥ ያደርገዋል፤ «ኮሚዩኒኬት» በሚለው ውስጥም አለ። ሦስቱ ሲገጣጠሙ «ከመስኮት ማውጣት» ይሆናሉ።

ታዲያ እንግሊዞች መስኮትን «ዊንዶው» እያሉ ግሡን ለምን ከ«ፌነስትራ» አበጁት? ዊንዶው የመጣው በጥንት ዘመን እንግሊዝ አገር ከሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያ ፍቺው «የነፋስ ዓይን» ነበር። እንግሊዝኛ ለዕለት ተዕለት ኑሮ እንዲህ ያለውን የሰሜን ቃል ይዞ፣ ለሕግ፣ ለሃይማኖትና ለትምህርት ከላቲን መዋስ ልማዱ ነው። ስለዚህ ዲፌነስትሬት የመዝገብና የታሪክ መጽሐፍ ጠረን አለው። አማርኛ ሌላ መንገድ ይከተላል፤ የስሙን ፊደላት ይዞ ድምፃቸውን በመለዋወጥ ከ«መርዝ» «መረዘ»ን፣ ከ«ፍሬ» «አፈራ»ን ያወጣል። እንግሊዝኛ ግን ቃሉን ሳይነካ ከፊቱና ከኋላው ይቀጥልበታል። ይህን ያወቀ ተማሪ እንግዳ የሆነ ረጅም ቃል ሲያጋጥመው አይደነግጥም፤ ከፊትና ከኋላ የተቀጠለውን አንሥቶ መካከል ላይ የቀረውን ይፈልጋል።

የፕራግ መስኮቶች

ቃሉን የወለደችው የዛሬዋ የቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ፕራግ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሃይማኖት ተሐድሶ ሰባኪው ያን ሁስ በ1415 በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ተከታዮቹ በቁጣ ላይ ነበሩ። ጁላይ 30 ቀን 1419 ዠሊቭስኪ የተባለ ካህን ሕዝብ እየመራ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሄደ፤ የታሰሩ ወገኖቻቸው እንዲፈቱ ጠየቁ። ነገሩ ወደ ግብግብ ተለወጠና ሰልፈኞቹ ሕንፃውን ሰብረው ገብተው የከተማውን ሹማምንት በመስኮት ወረወሯቸው። ሹማምንቱ አለቁ። የሁስ ተከታዮች ረጅም ጦርነትም ከዚያ በኋላ ተቀጣጠለ።

ድርጊቱን በመላው አውሮፓ ያስታወቀው ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የተፈጸመው ነው። በ1609 ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ ዳግማዊ ፕራግ ለምትገኝባት ለቦሄሚያ ፕሮቴስታንቶች የአምልኮ ነፃነት የሚሰጥ ደብዳቤ ፈርሞ ነበር። በ1617 የንግሥና ተራ የደረሰው ፈርዲናንድ ግን ጽኑ ካቶሊክ ነበር፤ የፕሮቴስታንቶች አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉና ሲፈርሱ መኳንንቱ ቃል ፈረሰብን አሉ። ሜይ 23 ቀን 1618 ወደ ፕራግ ቤተ መንግሥት ወጥተው የንጉሡን እንደራሴዎች ተፋጠጧቸው። ሁለቱን ጥፋት የለባቸውም ብለው ለቀቋቸው። ማርቲኒትስና ስላቫታ የተባሉትን ሁለቱን ግን በመስኮት ወረወሯቸው። ስላቫታ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ቢንጠለጠልም እጁን መትተው አስለቀቁት። ጸሐፊያቸውን ፋብሪሲየስንም አስከተሏቸው።

ከፍታው 20 ሜትር ያህል ነበር፤ ሆኖም ሦስቱም በሕይወት ተረፉ። ካቶሊኮች መላእክትና ድንግል ማርያም ደገፏቸው አሉ፤ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ የወደቁት በፍግ ክምር ላይ ነው አሉ። ጸሐፊው በኋላ የመኳንንት ማዕረግ ሲሰጠው የተጨመረለት ስም «ሆሄንፋል» ነበር፤ በጀርመንኛ ከፍ ካለ ስፍራ መውደቅን የሚያስታውስ ስም ነው።

መዘዙ ግን ለሌላው አልራራም። በኖቬምበር 1620 ዓማፂዎቹ ከፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ ጦርነት ድል ሆኑ፤ በጁን 1621 ሃያ ሰባት መሪዎች በከተማው አደባባይ ተገደሉ። ጦርነቱ ወደ ጀርመን ምድር ተዛምቶ እስከ 1648 ዘለቀ። የሠላሳ ዓመት ጦርነት የሚባለው ይህ ነው፤ በውጊያ፣ በረሃብና በወረርሽኝ ሚሊዮኖች አለቁበት። አንድ ድርጊት ለራሱ የተለየ ቃል እንዲበጅለት ያደረገው ይህ ሁሉ የተከተለው መዘዝ ነው።

ስሙ ቀድሞ ግሡ ተከተለ

በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የተገኘው ግሡ አልነበረም። የፕራጉ ወሬ በደረሰበት ዘመን የመጣው የድርጊቱ ስም ዲፌነስትሬሽን ነው፤ ግሡ ከዚያ ስም ላይ ተቆርጦ የወጣው ብዙ ዘግይቶ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያደርጋል፤ «ኤዲተር» ቀድሞ ነበረ፣ «ኤዲት» ከእሱ ወጣ።

ዛሬ እንዴት ይነገራል?

ቃሉ ሁለት አገባብ አለው። የመጀመሪያው በቁሙ ነው፤ ሰውየው በእርግጥ በመስኮት ሲወረወር። መስኮቱ በግሡ ውስጥ ስላለ «በመስኮት» ብሎ መጨመር ድግግሞሽ ይሆናል። ከበር የተባረረ ወይም ከገደል የተገፈተረ ሰው ዲፌነስትሬት ተደረገ አይባልም።

ሁለተኛው ምሳሌያዊ ነው፤ ባለሥልጣንን ወይም አለቃን ባልታሰበ ፍጥነት ከወንበሩ ማንሣት። ለዚህ አማርኛ «አሽቀንጥረው ጣሉት» የሚል ጥሩ አቻ አለው። በኖቬምበር 1990 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ከ11 ዓመት ተኩል ሥልጣን በኋላ የገዛ ፓርቲያቸውና ሚኒስትሮቻቸው ድጋፍ ነስተዋቸው ሲለቁ፣ ቃሉ ልክ የሚገባበት ሁኔታ ነበር። በመደበኛ ምርጫ በሕዝብ ድምፅ የተሸነፈ መሪ ግን ዲፌነስትሬት አልተደረገም፤ በበሩ ወጥቷል። ምሳሌው የሚሠራው መሪው የተጣለው አብረውት በአንድ ክፍል በነበሩ ሰዎች እጅ ሲሆን ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻውም እዚህ ላይ ነው። ይህ ግሥ ያለ ወርዋሪ አይቆምም። «ወደቀ» ማለትና «ተወረወረ» ማለት እጅግ ይራራቃሉ። ፕራግ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ኮሚኒስቶች ሥልጣን በያዙ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ማርች 10 ቀን 1948፣ የቼኮስሎቫኪያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ያን ማሳሪክ ከመሥሪያ ቤታቸው መስኮት ሥር ሞተው ተገኙ። በጊዜው ራሳቸውን እንዳጠፉ ተነገረ፤ ተገድለዋል የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። የእሳቸውን ሞት ዲፌነስትሬሽን ብሎ የጠራ ሰው አንድ ቃል መርጦ ፍርድ ሰጥቷል።

አማርኛ «ወረወሯት» ሲል ወርዋሪዎቹን በግሡ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። እንግሊዝኛ ግን ግሡን ወደ ተደራጊ ሲለውጠው አድራጊውን ሊሰውረው ይችላል። እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል በእንግሊዝኛ ዜና ውስጥ ባገኘህ ጊዜ ትርጉሙን በማወቅህ ብቻ አትለፈው፤ «ማን ወረወረው?» ብለህ ጠይቅ። አንተም ስትጽፈው ለዚህ ጥያቄ መልስ ይኑርህ፤ መልስ ከሌለህ «ወደቀ» በቂ ነው።