ነብሮ መብላት ያቆመ ሰሞን

ድመታችን ነብሮ 13 ዓመት አብሮን ኖሯል። የልጅ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ነብሮ የሌለበትን ቤት አታውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሰሞን ሥጋ ሲከተፍ እየሮጠ መጥቶ እግሬ ሥር መሽከርከሩን ተወ። አይጥ በልቶ ጠግቦ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያ ሁለት ቀን አስመለሰው፤ የገዛ ፀጉሩን ውጦ ነው አልኩ።

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። ሰው ሦስት ቀን ምግብ እምቢ ቢል ቤተሰቡን ተቆጥቼ ሐኪም ዘንድ እልክ ነበር። ለነብሮ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁ። ይህን የምጽፈውም ስለዚያች ሳምንት ብዬ ነው።

ነገሩን ያየችው ልጅቷ ናት። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትዳብሰው ቆየችና «እማማ፣ የነብሮ ጆሮ ውስጡ ቢጫ ሆኗል» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ ከንፈሩን ገለጥኩ፤ ድዱም ቢጫ ነው። የዓይኑ ነጭም እንደዚያው። ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጥታ ኖሮ «የወፍ በሽታ ይዞታል፤ የሚጨመቅ ቅጠል አለ» አለች። ልጅቷ ደግሞ እኛ ስናወራ የራሷን የፓራሲታሞል ሽሮፕ ከነማንኪያው ይዛ መጣች። ከእጇ ነጠቅኋት፤ ደንግጣ አለቀሰች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የእኛ ጉበት መድኃኒቱን አክሞ የሚያስወግድበት መንገድ በድመት ጉበት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀይ የደም ሕዋሶቿን ይጎዳል፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ይጠቁራል፤ ፊቷ ያብጣል። ለትልቅ ሰው የሚታዘዝ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። በየቤታችን መሳቢያ የማይጠፋ መድኃኒት ስለሆነ ለልጆች ዛሬውኑ ይነገራቸው።

በማግሥቱ በካርቶን አድርገን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ 3.2 ኪሎ ሆነ፤ ደህና ሳለ 4.5 ነበር። (ቤት ውስጥ ለመመዘን ድመቱን ታቅፎ ሚዛን ላይ መቆምና የራስን ክብደት መቀነስ ነው። እኔ የሕፃናትን ክብደት ስመዘግብ ኖሬ ይህን አንድ ቀን እንኳ አላደረግኩም።) ወጣቱ ሐኪም ነርስ መሆኔን ሲያውቅ «ሲስተር፣ ቢጫ ሆነ ማለት ሁልጊዜ ካንሰር ማለት አይደለም፤ አይደንግጡ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ድመት፣ በተለይ የወፈረች ድመት፣ ለጥቂት ቀናት ምግብ ካቆመች የሰውነቷ ስብ ተነቃንቆ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል። ጉበቱ በስብ ታፍኖ ሥራውን ያቆማል። እሷም ቢጫ ትሆናለች፤ የባሰ ምግብ ትጠላለች። ይህ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ዋናው መድኃኒቱ ምግብ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቱቦ ለሳምንታት ይሰጣታል። ስብ እንዲጎርፍ ያደረገው ሌላ በሽታ ካለም አብሮ ይታከማል። ሳምንት መጠበቄ ያስቆጨኝ ለዚህ ነው። የነብሮ በሽታ ይህ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ የማባብሰው እኔ ነበርኩ።

ደሙ ተመረመረ፣ አልትራሳውንድ ተነሣ። ጉበቱ ላይ እዚህም እዚያም እብጠት ታየ። በድመት ጉበት ላይ የሚበቅል እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ውኃ የቋጠሩና የማይዛመቱ አሉ፤ እንዲያውም ከጉበቱ ከራሱ ከሚነሡት የሚበዙት ክፉ ያልሆኑት ናቸው። ለመለየት በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። ጉበት ሲታመም ደም ቶሎ አይረጋምና አስቀድሞ ቫይታሚን ኬ ተወጋ። ውጤቱ ከሐሞት ቧንቧ የሚነሣ ካንሰር ሆነ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ድመቶችን የሚይዝ ክፉ ዓይነት ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። እብጠቱ አንድ ሆኖ በአንድ የጉበት ክፍል ብቻ ቢቀመጥ ቀዶ ማውጣት ይቻል ነበር። ጉበት ጉድ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ወጥቶ እንኳ የቀረው ጤነኛ ከሆነ መልሶ ያድጋል። የነብሮ ግን ተበትኗል፤ የት ተቆርጦ የት ይቀራል? ኬሞቴራፒ የሚረዳው ሊምፎማ የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ካንሰር ጉበት ላይ ሲሆን ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ እምብዛም አይሠራም። የቀረን ማስታገስ ብቻ ነበር፦ የማስመለሻ መከላከያ፣ ሐኪሙ ለድመት መርጦ ያዘዘው የሕመም ማስታገሻ፣ እንዲሸተው ለብ የተደረገ ምግብ በትንሽ በትንሹ።

አምስት ሳምንት ኖረ። ሦስቱ ደህና ነበሩ፤ ፀሐይ ላይ ይተኛል፣ የዶሮ መረቅ ይልሳል። የመጨረሻው ሳምንት ሆዱ ውኃ ቋጠረ፣ መተንፈስ ከበደው። ሐኪሙ በመርፌ ማሳረፍ እንደሚቻል ነገረን። እኔ ሕይወት ለማትረፍ ዕድሜዬን የሠራሁ ሰው ነኝና ሁለት ቀን አመነታሁ። እነዚያን ሁለት ቀናት ለእሱ ሳይሆን ለራሴ ብዬ እንዳሳለፍኳቸው አሁን ይገባኛል።

እናቷ «ተኝቷል እንበላት» አለች። እኔ እምቢ አልኩ። ሞትን እንቅልፍ ያሉት ልጅ ማታ ዓይኑን መክደን ሲፈራ በሥራዬ አይቻለሁ። «ነብሮ ታሟል፤ የማይድን ነው፤ ዛሬ ይሞታል፤ እንዳያመው ሐኪሙ ይረዳዋል» አልኳት። ስታስብ ቆየችና «እኔንስ ይይዘኛል?» አለች። ካንሰር ከድመት ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ነገርኳት። ቀጥላ «ሽሮፑን ሰጥቼው ቢሆንስ?» አለች። ለካ ያን ሁሉ ሳምንት ይህን ስታብሰለስል ኖራለች! አቅፌ «አልሰጠሽውም፤ ቢጫውን ቀድመሽ ያየሽውም አንቺ ነሽ» አልኳት። ያን ጊዜ ነው ደህና አድርጋ ያለቀሰችው።

ሳህኑ አሁንም ማጀት ጥግ ላይ አለ። የጎረቤት ግልገል ድመት አንዳንድ ቀን በአጥር ሾልኮ ይመጣል። ልጅቷ ወተት ከማፍሰሷ በፊት ጆሮውን ገልብጣ ታያለች።