የአውቶሞቢል ባትሪ አጠባበቅና የኤሌክትሪክ መኪና ንግድ በጣና ዳርቻ

በደራ ወረዳ ርእሰ ከተማ በአንበሳሜ እህል ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ለመውረድ ጎሕ ሲቀድ የሚነሣ የጭነት መኪና ባለቤት፥ ቁልፉን ባዞረ ጊዜ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ቀጭ ብሎ ዝም ያለበት እንደ ሆነ፥ የቀኑ ገበያ እንዳመለጠው ወዲያው ያውቃል። ለዚህ ዓይነቱ ችግር እስካሁን የታወቀ መድኃኒት ነበረ። መኪናው ትንሽ ከሆነ የሰፈሩ ጎልማሳ ተጠርቶ ይገፋል፤ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ከጎረቤት መኪና በሽቦ ኃይል ይበደራል። በዚህ ምክንያት ብዙ ባለ መኪናዎች ባትሪን እንደ አንድ ተራ መለዋወጫ ከመቁጠር በቀር ስለ ጠባዩ አጥብቀው ለመጠየቅ አልተገደዱም።

የኤሌክትሪክ መኪና ግን ተገፍቶ አይነሣም። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፥ አዲስ አውቶሞቢል ለሥራ መግዛት የሚያስብ ነጋዴ ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ማዞሩ የግድ ሆኗል። አስቀድሞም በ2014 ዓ.ም. በወጣው ውሳኔ እነዚህ መኪናዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ እንዲሆኑ ተደርጎ፥ ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ፥ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ቀረጥ ሲወሰን፥ ተበታትኖ መጥቶ በአገር ውስጥ የሚገጣጠመው ከቀረጥ ነጻ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ያለው መኪና ውስጥ ከዋጋው ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። ስለዚህ መኪና ገዛሁ የሚለው ነጋዴ በእውነቱ የገዛው በአራት ጎማ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ነውና፥ የንብረቱ ዕድሜ የሚለካው በባትሪው ዕድሜ ነው።

ኃይሉን በተመለከተ የጣና ዳርቻ ሰው እንግዳ አይደለም። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የባሕር ዳርን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንቀሳቅሷል፤ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በቦቴ ከወደብ የሚጓጓዘውን ቤንዚን ከሐይቁ በሚወጣው ውሃ መተካት መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ውሃው የሰጠውን ኃይል መኪናው ውስጥ የሚያጠራቅመው ባትሪው ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከታወቀው ከአሮጌው ባትሪ ጀምሮ መመልከት ይጠቅማል።

በየመኪናው ኮፈን ሥር የሚገኘው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ስድስት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። እያንዳንዱ ሴል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፥ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ቮልት ካሳየ ኃይሉ ወደ ግማሽ ወርዷል ማለት ነው፤ ከ12 በታች ሆኖ ለሳምንታት ከቆየ ደግሞ በእርሳሱ ሰሌዳ ላይ ነጭ ድርቀት ይጋገርበታል፥ ይህም አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ በቻርጅ አይለቅም። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መስጠት ይገባዋል። ከዚያ ካነሰ ባትሪው አይሞላም፤ ከበዛም ውሃው ፈልቶ ያልቅና ሰሌዳው ይራቆታል። የጎደለውን ውሃ ከቧንቧ ወይም ከምንጭ ቀድቶ የሚሞላ ሾፌር ዛሬም አይጠፋም፤ በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ሰሌዳውን እየመረዘ መሆኑን የሚረዳው ግን ባትሪው ከሞተ በኋላ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚገኘው በትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ላይ ከሚታየው አንድ ልማድ ነው። 24 ቮልት የሚሠራ መኪና ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተከታታይ አያይዞ ይዟል። ባለ መኪናው 12 ቮልት የሚፈልግ ቴፕ ወይም መብራት ሲገዛ፥ ገጣጣሚው ሽቦውን ከሁለቱ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ ይስብና ሥራው አለቀ ይላል። ቴፑ በእርግጥ ይዘፍናል። ነገር ግን ያ አንደኛው ባትሪ ከጓደኛው አብልጦ ይደክማል፤ ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ስለሚሞላቸው የደከመው ሳይሞላ ሲቀር፥ ያልደከመው ከመጠን በላይ ይሞላና ይፈላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሁለቱም ይበላሻሉ፥ ሻጩም መጥፎ ባትሪ ሸጠ ተብሎ ይታማል። ገበሬው ነገሩን ያለ መምህር ያውቀዋል፤ ብርቱውን በሬ ከከሳው ጋር ቢጠምድ እርሻው የሚሄደው በከሳው ርምጃ ነው። 24ቱን ቮልት ወደ 12 የሚያወርደው መለወጫ የሚሸጠው ከሁለት ባትሪ እጅግ ባነሰ ዋጋ ሆኖ ሳለ፥ ይህ ስሕተት አሁንም መኖሩ የሚያስገርም ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የሚጠመዱት ሁለት ብቻ አይደሉም። ዛሬ በብዛት ከሚሠሩት የባትሪ ዓይነቶች አንዱ የሊቲየም፥ የብረትና የፎስፌት ውሕድ ያለበት ሲሆን፥ የአንዱ ሴል መደበኛ ጉልበት 3.2 ቮልት ነው። መቶ ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ 320 ቮልት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሴል ከ3.65 ቮልት በላይ መሞላት፥ ከ2.5 በታችም መውረድ የለበትም። ከመቶው አንዱ ብቻ ደክሞ ቶሎ ወደ ታችኛው ወሰን ቢደርስ፥ ዘጠና ዘጠኙ ገና ኃይል እያላቸው መኪናው መቆም አለበት፤ አንዱ ቀድሞ ቢሞላም ቻርጁ መቋረጥ ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ የሚጠብቀው የባትሪ አስተዳዳሪ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። የሴሎቹን ቮልት፥ የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት፥ በልዩ ልዩ ስፍራ ያለውንም ሙቀት ያለ ዕረፍት ይለካል፤ ከጓደኞቻቸው ከፍ ካሉት ሴሎች ጥቂት ጥቂት ኃይል እያፈሰሰ ሁሉንም ያስተካክላል፤ አደጋ ሲያይም ባትሪውን ከሞተሩ ይለያል። ይህ የማስተካከል ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ ነው። እንዲሁም የዚህ ዓይነቱ ሴል ቮልት ከሙላት እስከ ጉድለት ብዙ ስለማይለዋወጥ፥ መሣሪያው ስንት ኃይል እንደ ቀረ የሚያውቀው የወጣውንና የገባውን በመቁጠር ነው፤ ቆጠራውም ሲውል ሲያድር እየሳተ ይሄዳል። ባለ ብረትና ፎስፌቱን ባትሪ በየጊዜው እስከ መጨረሻው እንዲሞሉ አንዳንድ አምራቾች የሚያዙት ስለዚህ ነው። ኒኬልና ኮባልት ያለበት ሌላው ዓይነት ግን በዕለታዊ ሥራ ከ80 በመቶ በላይ ባይሞላ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ ገዢው ከቀለሙና ከወንበሩ አስቀድሞ የባትሪውን ዓይነት ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነውና።

ብዙ ሰው የማይጠብቀው አንድ ነገር አለ። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥም ያች የታወቀችው ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለች። ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ኮንታክተር የሚዘጋው፥ የአስተዳዳሪው መሣሪያም የሚነቃው በእርሷ ኃይል ነው። እርሷ ከሞተች በትልቁ ባትሪ ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኃይል ቢኖርም መኪናው እንደ ድንጋይ ቆሞ ይቀራል። መኪናው ሥራ ላይ ሲሆን ትልቁ ባትሪ በመለወጫ በኩል ትንሿን ይሞላታል፤ የስርቆት መጠበቂያና የመከታተያ መሣሪያ ተጨምሮበት ለሳምንታት በቆመ ጊዜ ግን በዝግታ ትደርቃለች። ሌላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አምጥቶ እርሷን መቀስቀስ ይቻላል፤ በኤሌክትሪኩ መኪና ሌላ የጭነት መኪና ማስነሣት ግን ብዙዎቹ አምራቾች ይከለክላሉ። ብርቱካን ቀለም የተቀቡትን ሽቦዎች ያልተማረ እጅ ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ በእነርሱ ውስጥ የሚያልፈው ሰው የሚገድል ጉልበት ነው።

አሁን ወደ አንበሳሜ መንገድ መመለስ ይቻላል። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል አንበሳሜ ለመድረስ የሚኬደው ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙ የማይርቅ ስለ ሆነ፥ ደርሶ መልሱ 90 ኪሎ ሜትር ተደርጎ ይታሰብ። 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው፥ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ መኪና ለዚህ ጉዞ የሚፈልገው 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከ80 በመቶ ተነሥቶ ከ20 በመቶ ሳይወርድ 30 ኪሎዋት ሰዓት ማውጣት ስለሚችል፥ አንዱ ምልልስ ባትሪውን ሳያስጨንቅ ያልቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ልመላለስ የሚለው ባለቤት ግን 36 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋልና፥ በመካከል ካልሞላ ወይም ወደ ወሰኑ ካልተጠጋ አይሆንለትም። ከ220 ቮልት መስመር በ15 አምፔር የሚሞላ መኪና የሚያገኘው 3.3 ኪሎዋት ሲሆን፥ በዐሥር ሰዓት ሌሊት፥ በመንገድ የሚጠፋው ተቀንሶ፥ 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገባለታል። መብራት ለአራት ሰዓት የተቋረጠ ሌሊት ይህን ሒሳብ እንደሚያፈርሰው ግልጽ ነው። ለዚህም የተለየ፥ ውፍረቱ የተመጠነና መሬት የተቀበረ ሽቦ ያለው መስመር መዘርጋት የግድ ነው፤ ከሻይ ቤት አምፖል ጋር አብሮ በተጎተተ ቀጭን ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ መሙላት እሳት መጥራት ነው።

የአየሩ ጠባይ በዚህ አገር ለባትሪው ደግ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ ሊቲየም ሴል ሲሞላ የሚፈራው ውርጭም ሆነ ዕድሜውን የሚያሳጥረው የበረሃ ትኩሳት እምብዛም አያገኛትም። የቤንዚን ሞተር በቀጭኑ አየር ምክንያት ጉልበቱ ሲቀንስ፥ የኤሌክትሪክ ሞተር ወደ ደብረ ታቦር ቢወጣም አይደክምም። ወደ መተማ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን መኪናውን ጥላ ሥር ማቆምና፥ ከረጅም ጉዞ ገብቶ ባትሪው ሳይቀዘቅዝ በፈጣን ቻርጅ አለመሙላት ይሻለዋል።

ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዘው ደግሞ የዓባይ ሸለቆ አለ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ ሲወርድ ከክብደቱ ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገኛል፤ ሞተሩም እንደ ዲናሞ ሆኖ ከዚህ ጥሩ ድርሻውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፥ ፍሬኑንም ያሳርፈዋል። ነገር ግን ደጀን ላይ እስከ አፉ የሞላ ባትሪ ይህን የሚቀበልበት ስፍራ የለውም። አስተዳዳሪው መሣሪያ መመለሱን ይከለክላል፥ ሸክሙም ሁሉ በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሸለቆውን የሚወርድ ሾፌር ከባትሪው ዐሥር አምስት በመቶ ያህሉን ባዶ ትቶ ቢወርድ፥ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ለሚጠብቀው አቀበት የሚረዳውን ኃይል በነጻ ያገኛል። ይህን ለሾፌሮች የነገሩ ሻጮች ስንት ናቸው ቢባል መልሱ ደስ የሚያሰኝ አይመስልም።

በሌላ አገር ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ነጋዴ በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻ መታለል የለበትም። የአስተዳዳሪው መሣሪያ የእያንዳንዱን ሴል ቮልትና የባትሪውን የቀረ አቅም በመመርመሪያ ኮምፒዩተር ያሳያል። ይህ ጽሑፍ ታትሞ ከሽያጭ ውሉ ጋር እንዲያያዝ መጠየቅ የገዢው መብት ሊሆን ይገባል፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ሴል መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ከሆነ የመኪናው ማማር ከንቱ ነው። የዋስትናው ወረቀትም የባትሪው አቅም ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ ሻጩ እንደሚተካ፥ የሚጠግነውም በየትኛው ከተማ እንደ ሆነ በግልጽ ሊናገር ይገባል። መኪናውን ለምርመራ አዲስ አበባ ድረስ አስጭኖ መላክ የአንድ ወር ትርፍ ይበላልና።

በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ባለ ጋራዦችም ልጆቻቸውን ለዚህ ሙያ የሚያሠለጥኑበት ስፍራ በደጃቸው አለ። የንግድ ምክር ቤቶች ከትምህርት ቤቱና ከጋራዦቹ ጋር ተነጋግረው አንድ የሴል መመርመሪያ ጣቢያ በባሕር ዳር ቢያቋቁሙ፥ የአንበሳሜ፥ የወረታና የደብረ ታቦር ባለ መኪናዎች ሁሉ ይጠቀሙበታል። በዚያም አቅሙ ወደ 70 በመቶ ወርዶ ለመንገድ የማይበቃ ባትሪ ሴሎቹ ተለይተው ከተመረመሩ በኋላ መብራት በሚቋረጥበት ሌሊት የእህል ወፍጮ ቤት አምፖልና የሱቅ ማቀዝቀዣ ለማንቀሳቀስ ገና ብዙ ዓመት ሊሠራ ይችላል።