ጠመንጃ ሲነክስ ጥፋቱ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1967 ጸደይ፣ ቬትናም ውስጥ በኬ ሳን ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች የተዋጉት የአሜሪካ ማሪኖች የያዙት አዲስ የታደላቸውን ኤም-16 ጠመንጃ ነበር። በዚያ ጦርነት ብዙ ወታደር መወልወያ ዘንጉን ከሻንጣው አውጥቶ ጠመንጃው ጎን ላይ በፕላስተር አጣብቆ ይዞር ነበር። ይህን ያደረገው ንጽሕና ስለሚወድ አይደለም። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ባዶው ቀለህ አልወጣ እያለ ያስቸግራል፤ ያኔ ዘንጉን ከአፈሙዙ ጫፍ አስገብቶ ቀለሁን ወደ ኋላ ከመግፋት ሌላ መላ የለም። ጥይት እየዘነበ ተንበርክኮ ጠመንጃ በዘንግ መጎርጎር ምን እንደሚመስል የተዋጋ ሰው አይጠፋውም።

ወሬው በደብዳቤ አገር ቤት ደረሰና ኮንግረስ ገባ። በሚዙሪው ተወካይ በሪቻርድ አይኮርድ የተመራ ንኡስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሪፖርቱን አወጣ። የችግሩ ዋና መንስኤ ብሎ የጠቆመው ከጠመንጃው ብረቶች አንዱን አልነበረም፤ ባሩዱን ነው። የጠመንጃው ንድፍ ካለቀ በኋላ የጥይቱ ባሩድ ተቀይሮ ነበር።

ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ያስቸገረው ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ብዙ ነገር አለ። የሚነክሰው ክፍልና ጥፋተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለማየት ቃታው ከተሳበ በኋላ ያለውን እንከተል። ባሩዱ ተቃጥሎ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም እርሳሱን ወደፊት ይገፋል። እርሳሱ አፈሙዙ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ሲያልፍ ከጋዙ ጥቂቱ በዚያች ቀዳዳ ይሾልካል። በኤም-16ም ሆነ በሲቪሉ ወንድሙ በኤአር-15 ይህ ጋዝ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ተጉዞ የመዝጊያውን ተሸካሚ ይገፋዋል። ተሸካሚው ወደ ኋላ ሲሄድ መዝጊያውን አዙሮ ይከፍታል፤ መዝጊያው ላይ ያለው መንጠቆም ባዶውን ቀለህ ከማጉረሻው መንጥቆ ያወጣል። ቀለሁ በጎን ይወረወራል፣ መዶሻው ይወጠራል፣ ተሸካሚው ሰደፉ ውስጥ ያለውን ሞላ ይጨምቃል። ሞላው ደግሞ በተራው ሁሉንም ወደፊት ይመልሳል፤ መዝጊያው ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርስና ይቆለፋል። ጠመንጃው በደቂቃ 750 ጥይት በሚተኩስበት ፍጥነት ይህ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንድ 8 መቶኛ ውስጥ ነው።

ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በሦስት ነገሮች ስምምነት ላይ ነው፦ ጋዙ የሚገፋው ኃይል፣ የሚገፋው ብረት ክብደት፣ የሚመልሰው ሞላ ጥንካሬ። የጠመንጃ ጥገና የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከሞላው ነው፤ እኔ ግን ከጋዙ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ሞላ የሚደክመው ቀስ እያለ ነው። ጋዝ ግን ሌላ ጥይት በተገዛ ቀን ይለወጣል።

በኤም-16 የሆነውም ይኸው ነው። ዩጂን ስቶነር ጠመንጃውን ሲነድፍ የተጠቀመበት ባሩድ የዱፖንት ሥራ፣ በቀጫጭን ዘንግ መልክ የተቆራረጠ ነበር። ሠራዊቱ እርሳሱ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 990 ሜትር ገደማ እንዲፈጥን ጠየቀ፤ በዚያ ባሩድ ይህን ፍጥነት ከተፈቀደው ግፊት ሳያልፉ በብዛት ማምረት አስቸጋሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 የኦሊን ማቲሰን ኩባንያ የሚሠራው ክብ ፍሬ ያለው ባሩድ ተፈቀደ። አዲሱ ባሩድ የተፈለገውን ፍጥነት ሰጠ። ነገር ግን እርሳሱ የጋዝ ቀዳዳዋ ጋ ሲደርስ የሚኖረው ግፊት ከቀድሞው በለጠ። ጠመንጃው በደቂቃ ከ850 በላይ፣ አንዳንዱም እስከ 1,000 መተኮስ ጀመረ። ዝቃጩም በዛ፤ ባሩዱ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ካርቦኔት የጋዙን ቱቦ ይደፍን ነበር።

ፍጥነቱ ቀለሁን እንዴት እንደሚያስቀር ላብራራ። ጥይት ሲተኮስ የነሐሱ ቀለህ በግፊቱ አብጦ ከማጉረሻው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ግፊቱ ሲበርድ መለስ ብሎ ይጠብና ይላቀቃል። ተሸካሚው ከልክ በላይ ፈጥኖ መዝጊያውን ከከፈተው ግን መንጠቆው ቀለሁን የሚጎትተው ገና እንደተጣበቀ ነው። ያኔ ወይ መንጠቆው ያመልጠዋል፣ ወይ የቀለሁን ከንፈር ይቀድደዋል፤ ቀለሁም ባለበት ይቀራል። በዚያ ላይ የማጉረሻው ግድግዳ በቬትናም እርጥበት ዝጎ ከሻከረ ነገሩ ይብሳል። የመጀመሪያዎቹ ጠመንጃዎች ማጉረሻቸው ክሮም አልተቀባም ነበር። ይህ ጠመንጃ መወልወል አያስፈልገውም የሚል ወሬም ተነዝቶ ነበርና ለብዙዎች የመወልወያ ዕቃ እንኳ አልታደላቸውም።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን ሌላ ነው። ጠመንጃዎቹ በአዲሱ ባሩድ የተኩስ ፍጥነት ፈተናውን ማለፍ ሲያቅታቸው፣ ፋብሪካው በአሮጌው ባሩድ በተሞላ ጥይት እንዲፈትናቸው ተፈቀደለት። ለወታደሩ የሚላከው ጥይት ግን አዲሱ ባሩድ ያለበት ነበር።

መፍትሔው ማጉረሻውን ክሮም መቀባት፣ የመወልወያ ዕቃ ማደልና ከሞላው ፊት የሚቀመጠውን ክብደት መለወጥ ሆነ። ይህን ክብደት ባለሙያዎች ባፈር ይሉታል። አዲሱ ባፈር 150 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ውስጡ የሚንሸራተቱ የብረት ቁርጥራጮች አሉት። በር በኃይል ሲዘጋ ነጥሮ ገርበብ እንደሚል፣ ተሸካሚውም ወደፊት መጥቶ ሲላተም በትንሹ ይነጥራል። በዚያች ቅጽበት መዶሻው ቢወርድ መዝጊያው በወጉ አልተቆለፈምና ጥይቱ ይከሽፋል። ቁርጥራጮቹ ግን ለጥቂት ዘግይተው ስለሚደርሱ ነጥሮ ሊመለስ ያለውን ብረት ከኋላ ይደግፉታል። ክብደቱ በመጨመሩም የተኩሱ ፍጥነት ቀነሰ። ሠራዊቱ ለወታደሩ የጥገና መመሪያ በሥዕል እንዲያዘጋጅ ታዋቂውን የኮሚክ ሠዓሊ ዊል አይስነርን እስከ መቅጠር ደርሷል።

አገራችን ውስጥ ክላሽ አይነክስም ይባላል። ይነክሳል፤ ግን የሚነክሰው አልፎ አልፎ ነው። የክላሽ ጋዝ ተሸካሚውን የሚገፋው በቱቦ ተጉዞ ሳይሆን ከተሸካሚው ጋር በተያያዘ ረጅም ፒስተን ነው። ተንቀሳቃሹ ብረት ከባድ ነው፤ የሚገፋው ጋዝም ከሚያስፈልገው በላይ ነውና ትንሽ ቆሻሻ ወይም ደካማ ጥይት አያቆመውም። ቀለሁ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ጠባብ ስለሆነም ትንሽ ሲሳብ ወዲያው ከግድግዳው ይላቀቃል። ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አለው። ያ ከባድ ብረት በተመላለሰ ቁጥር ጠመንጃውን ያናውጠዋል።

ባሩድ የሚያጣላው ኤም-16ን ብቻ አይደለም። ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የታጠቁት ኤም-1 ጋራንድም የራሱ አመል አለው። የጋዝ ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጫፍ አጠገብ ነው፤ ጋዙ የሚገፋውም ረጅም ቀጭን ዘንግ ነው። ዛሬ ይህን አሮጌ ጠመንጃ የሚተኩሱ ሰዎች ለአደን የተሠራ፣ በዝግታ የሚቃጠል ባሩድ ያለው ከባድ ጥይት እንዳያጎርሱት ይመከራሉ። እንዲህ ያለ ባሩድ ጫፉ ጋ ሲደርስም ግፊቱ ገና አልበረደምና ዘንጉን ሊያጎብጠው ይችላል።

አሁን ወደ ዛሬው ኤአር-15 እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ በሕግ የሚይዘው ብዙ ነው፤ ተኩስ ሜዳ የሚሄዱ የእኛ ሰዎችም አሉ። ጠመንጃው ሲነክስ ካዝናው ይነቀላል፣ መዝጊያው ወደ ኋላ ይያዛል፣ ማጉረሻው በዓይንም በጣትም ይታያል፤ ባዶ መሆኑ ሳይረጋገጥ ምርመራ የለም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚቀየረው ካዝናው ነው፤ እንደ እሱ ርካሽና በቶሎ የሚበላሽ ክፍል የለም። ካዝናዎቹን ቁጥር ጽፎባቸው የሚይዝ ሰው የሚነክሰው 3ኛው ብቻ መሆኑን ቶሎ ይደርስበታል።

ካዝናው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ የወደቁትን ቀለሆች ማየት ነው። ጋዝ ያነሰው ጠመንጃ ቀለሁን አጠገቡ፣ ወደ ኋላ በኩል ጣል ያደርገዋል፤ አንዳንዴም ቀለሁ መውጫው ላይ ቆሞ ይያዛል። ጋዝ የበዛበት ግን ቀለሁን ወደፊት አርቆ ይወረውራል፤ ከንፈሩም ተቧጥጦ ወይም ተቀድዶ ይገኛል። ይህ ምልክት ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የመንጠቆው ሞላም አወራወሩን ይለውጣል።

አታላዩ ነገር ሁለቱም በሽታዎች አንድ ዓይነት ምልክት ማሳየታቸው ነው። መዝጊያው አዲስ ጥይት ሳያጎርስ ባዶውን ሲዘጋ ብዙ ሰው ጋዝ አነሰው ይላል። ጋዝ ሲበዛም ግን እንዲሁ ይሆናል፤ መዝጊያው ፈጥኖ ስለሚመለስ የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ከፍ ሳያደርግ በላዩ ያልፋል። ለመለየት ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገብቶ መተኮስ ይጠቅማል። መዝጊያው ወደ ኋላ ሄዶ ክፍት ሆኖ ከቆመ የጋዙ ኃይል በቂ ነው። ካልቆመና ካዝናውና የመዝጊያው ማቆሚያ ደኅና ከሆኑ ጋዙ አንሷል፣ ወይም የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው።

የሚሾልክበት ቦታ ብዙ አይደለም። ተሸካሚው አናት ላይ ጋዙን የሚቀበለው ቁራጭ በሁለት ብሎኖች ይታሰራል፤ ብሎኖቹ ከላሉ ዙሪያው ጥቀርሻ ይታያል። ሁለተኛው ቦታ በመዝጊያው ጭራ ላይ ያሉት ሦስት ስስ ቀለበቶች ናቸው። እነሱን ለመመርመር መሣሪያ አያስፈልግም። መዝጊያውን ከተሸካሚው ወደ ውጭ ስቦ፣ የመዝጊያውን ፊት ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ተሸካሚውን በላዩ ማቆም ነው። ቀለበቶቹ ደኅና ከሆኑ ተሸካሚው እንደቆመ ይቀራል። ካለቁ በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ይወርዳል።

ሰደፉ ውስጥ ያለውን ሞላ ለመመርመር ሜትር ይበቃል። የረጅሙ ጠመንጃ ሞላ ሳይጨመቅ ከ29.8 እስከ 34.3 ሳንቲ ሜትር፣ የአጭሩ ከ25.6 እስከ 28.6 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ካጠረ ደክሟል፤ መዝጊያውን አጥብቆ ስለማይገፋም የመጨረሻዋን ጥቂት ሚሊሜትር ሳይዘጋ ይቀራል።

አጫጭሮቹ ጠመንጃዎች ከረጅሞቹ ይልቅ የሚያስቸግሩት የጋዝ ቀዳዳቸው ለማጉረሻው ስለሚቀርብ ነው። በረጅሙ ቀዳዳው ያለው 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን በአጭሩ 19 አካባቢ ነው፤ ግፊቱ እዚያ ገና አልበረደም። ስለዚህ ገበያው ከ85 ግራም ጀምሮ ከ150 ግራም በላይ እስከሚመዝን ድረስ ልዩ ልዩ ባፈር ይሸጣል። ሰው ደግሞ ለማንኛውም በሽታ ከባዱን ይገዛል። ጋዝ የበዛበት ጠመንጃ በእርግጥም ይረጋጋል፤ ርካሽ፣ ደካማ ጥይት የጎረሰና ቅባቱ የደረቀ ጠመንጃ ግን በብርድ ቀን ጭራሽ መመላለስ ያቅተዋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ አጽድቼና ቀብቼ፣ ከዚያ የታወቀ የፋብሪካ ጥይት ሞክሬ ነው ባፈር የምገዛው።

አንድ ዓይነት መክሸፍ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ተኩሱ ከወትሮው ያነሰ፣ የታፈነ ድምፅ ሰጥቶ መዝጊያው ካልተመለሰ በእጅ አቀባብሎ መቀጠል አይገባም። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ሊሆን ይችላል፤ ቀጣዩ ጥይት ከተተኮሰ አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል። ጠመንጃውን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ ትንሽ ቆይቶ ካዝናውን መንቀል፣ ማጉረሻውን ባዶ ማድረግ፣ አፈሙዙ መደፈኑን ወይም ክፍት መሆኑንም በባለሙያ ማስፈተሽ ነው።