ለጀልባ ሞተር ተስማሚውን ፕሮፔለር ስለ መምረጥ

ከጉና ተራራ የሚነሣው ውኃ በሁለት ወገን ይወርዳል። ርብና ጉማራ ወደ ምዕራብ ፈስሰው ጣና ይገባሉ፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በኩል የሚወርዱት ሌሎች ወንዞች ደግሞ አንዳንዶቹ በበሽሎ አድርገው፣ አንዳንዶቹም በቀጥታ ከዓባይ ይገናኛሉ። የዚህ አገር ልጅ የውኃ መነሻ በሆነ ምድር ቢያድግም፣ የሞተር ጀልባ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳር ሲወርድ ነው። ይሁን እንጂ ተምሮ መሥሪያ ቤት ሲገባ አንድ ቀን የጀልባ ሞተር ግዥ ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ይቀርብለት ይሆናል። በዚያን ጊዜ ስለ ሞተሩ ጉልበትና ስለ ዋጋው የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ስለ ፕሮፔለሩ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሞተሩን የሚያኖረው ወይም የሚገድለው ይህ ትንሽ ዕቃ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እንጽፋለን።

ፕሮፔለር ከሞተሩ በታች ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚሽከረከር፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክንፍ ያለው ዕቃ ነው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። የግብፅ ገበሬዎች የአርኪሜድስ ብሎን በሚባለው ጠመዝማዛ መሣሪያ የዓባይን ውኃ ወደ እርሻቸው ሲያወጡ ኖረዋል። እዚያ ብሎኑ በቦታው ሆኖ ውኃው ይሄዳል፤ በጀልባ ላይ ግን ውኃውን ወደ ኋላ እየገፋ ጀልባውን ወደ ፊት ይነዳል። በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ የዚህ ዓይነቱ ሞተር በየአገሩ ተስፋፍቷል።

በፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። ሁለተኛው ባለሙያዎች ፒች የሚሉት ሲሆን፣ ብሎን እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚራመድ ያመለክታል። ሁለቱም የሚለኩት በኢንች ነው። ለምሳሌ ፒቹ 12 ኢንች፣ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 2,750 ጊዜ ቢዞር፣ ጀልባው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሄደ ነበር። ውኃ ግን እንደ እንጨት አጥብቆ አይዝምና ከዚህ ላይ ጥቂቱ በመንሸራተት ይቀራል። ከመቶ 20 ቢንሸራተት ፍጥነቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይወርዳል።

ፒች ለጀልባ፣ ማርሽ ለመኪና እንደ ማለት ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወጣው መንገድ የተጓዘ ሁሉ፣ ጭነት የያዘ መኪና ዳገቱ ሥር ሲደርስ ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ አይቷል። በከባድ ማርሽ ልውጣ ቢል ሞተሩ ያጓራል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። የጀልባ ሞተር ያለው የፊት፣ የኋላና ባዶ ማርሽ ብቻ ስለሆነ፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ የሚወስነውን የጀልባ ባለቤት ገና ፕሮፔለሩን ሲገዛ ሊወስነው ይገባል። ብዙ ሰውና ዕቃ ለሚጭን ጀልባ አነስተኛ ፒች፣ ቀላልና ፈጣን ለሆነው ከፍ ያለ ፒች ይስማማዋል።

በአገራችን ደግሞ የከፍታ ነገር ይጨመራል። ወደ ጉና የወጣ ሰው ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሁሉ፣ ሞተርም አየሩ በሳሳበት ቦታ ይደክማል። በተለመደው ስሌት በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህል ያጣል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር በዚያ የሚሰጠው ወደ 33 ብቻ ነው። የዘመኑ ሞተሮች የቤንዚኑን መጠን ከአየሩ ጋር በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጎደለውን አየር ግን አይመልሱም። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር ታስቦ የተሰጠ ፕሮፔለር ጋምቤላ ላይ ብዙ ባያስቸግርም፣ ጣና ላይ ለሞተሩ ይከብደዋል።

ልኩን ለማወቅ መፈተን ይቻላል። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው በደቂቃ ስንት መዞር እንደሚገባው በመመሪያው ተጽፏል፤ ለብዙዎቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች ከ5,000 እስከ 6,000 ነው። ጀልባው ዘወትር የሚይዘውን ያህል ጭኖ፣ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ በሙሉ ኃይል ሲሄድ ዙር ቆጣሪው ይታያል። ዙሩ ከተጻፈው በታች ከቀረ ፒቹ በዝቷል፤ ካለፈ አንሷል። ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። እንግዲህ 4,600 ላይ የቀረውን ሞተር 5,000 ለማድረስ 2 ወይም 3 ኢንች መቀነስ ያስፈልጋል። በባዶ ጀልባ የተደረገ ፈተና ግን ያሳስታል።

ስለ ማዕድኑም ማሰብ ይገባል። የማይዝግ ብረት ጠንካራና ፈጣን ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ድንጋይ ሲመታም ግፊቱን ወደ ሞተሩ ጥርሶች ሊያሳልፍ ይችላል። አሉሚኒየም ቶሎ ይጣመማል፤ ነገር ግን ርካሽ ነው፤ እርሱ ተሰብሮ ሞተሩን ሊያተርፍ ይችላል። ክንፉ የተጣመመ ፕሮፔለር ሞተሩን እያንቀጠቀጠ ይጎዳዋልና መለዋወጫ አብሮ መገዛት አለበት። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን ያስቸገረው እንቦጭም በክንፎቹ ላይ ይጠመጠማል። ሲጠመጠም ሞተሩን አጥፍቶ ማጽዳት እንጂ ነዳጅ መጨመር አይበጅም።

ፕሮፔለር የማይሠራበትን ቦታ ማወቅም ያው ምርጫ ነው። በ1960 ዓ.ም. ማብቂያና በ1961 ዓ.ም. መግቢያ በእንግሊዛዊው መኮንን በጆን ብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ዓባይን የመረመረው ጓድ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ከሚያሻግረው ድልድይ በታች ባለ ሞተር የጦር ጀልባዎች ይዞ ነበር። ከዚያ በላይ እስከ ጣና ላለው ድንጋያማ ገደል ግን በእጅ የሚቀዘፉ የጎማ ጀልባዎችን መረጠ። እስቴና ስማዳ የሚዋሰኑት ዓባይ በዚሁ ገደል ውስጥ የሚሄደው ነው። በዚያ ሰውን የሚያሻግረው እንደ ሰባራ ድልድይ ያለ ድልድይ ነው እንጂ ሞተር አይደለም።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። የግዥውን ወረቀት የሚፈርም ወጣት ጀልባው ምን ያህል እንደሚጭን፣ በምን ከፍታ እንደሚሠራና ሞተሩ በሙሉ ጭነት ስንት ዙር እንደሚደርስ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሣ፣ ሰው የሞላው ጀልባ ዳር መድረስ አለመድረሱ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነውና።