እንቅርት ሲደክም ስለሚወሰደው ክኒን

«እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ችግር በችግር ላይ ሲደራረብበት። ይህ አባባል ያለ ነገር አልመጣም። እንቅርትን ደገኛው ሁሉ በዓይኑ ስለሚያውቀው ነው። በወለጋም ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከአርጆ እስከ ነጆ ገበያ ለወጣ ሰው አንገቱ ያበጠ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለሚታየው እብጠት ሳይሆን ስለማይታየው ድካም ነው። በአንገታችን ውስጥ ያለው እጢ ሥራው ሲቀንስ ሰውነት ምን ይሆናል? ሐኪም የሚያዘው ክኒንስ ልኩ እስኪገኝ ድረስ እንዴት ይወሰዳል? ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ክኒኑን ጀምረው በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ «አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ሲሻላቸው «ድኛለሁ» ብለው ይተዉታል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

እጢው ምንድን ነው?

ከማንቁርት በታች፣ በአንገት ፊት ለፊት፣ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ትንሽ እጢ አለ። ያበጠበትም ያላበጠበትም ሰው፣ ሁላችንም አለን። ሐኪሞች ታይሮይድ ይሉታል። በአማርኛ የእንቅርት እጢ ይባላል። ሥራው ሆርሞን የሚባል ነገር እያዘጋጀ ወደ ደም መላክ ነው። ይህ ሆርሞን ለሰውነት እንደ እሳት ቆስቋሽ ነው። ልብ በልኩ እንዲመታ፣ ምግብ እንዲፈጭ፣ ገላ እንዲሞቅ፣ የሕፃን አእምሮ እንዲያድግ ያደርጋል።

ሆርሞኑ ያለ አዮዲን አይሠራም። ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን የሚበቃው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም ለሚሊዮን ሲካፈል ነው። ቁጥሩ አያስፈራችሁ፤ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ግማሽ ገደማ ነው በሉት። ያችን ግማሽ ጤፍ በየቀኑ ያጣ እጢ፣ ባለው ብዙ ለመሥራት ሲታገል ያብጣል። እብጠቱ እንቅርት ነው።

ታዲያ ከእህላችን ለምን አናገኘውም? በወለጋ ተራራና ቁልቁለት ላይ ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናቡ አፈሩን ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ውስጥ የነበረውን አዮዲን ጭምር በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ አጥቦ ወደ ዴዴሳና ወደ ዓባይ ወስዶታል። አፈሩ ያጣውን በቆሎውም ጤፉም ያጣል። በቆሎውን የበላ ሰውም ያጣል። ማዳበሪያ ይህን አይመልሰውም።

የሚመልሰው ጨው ነው። በኦሮምኛ ሶጊዳ የምትሉት ማለት ነው። ነገር ግን ጨው ሁሉ አዮዲን አለው ማለት አይደለም። አያቶቻችን ይበሉት የነበረው አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በበቅሎና በአህያ እስከ ወለጋ ገበያ ይደርስ ነበር፤ ጣዕም እንጂ በቂ አዮዲን አልነበረውም። አዮዲኑ በፋብሪካ መጨመር አለበት። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ጨው ከኤርትራ ጠረፍ ይመጣ ነበር። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋና ጨው ከአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ መምጣት ጀመረ። ብዙው አዮዲን ያልተጨመረበት ነበር። ውጤቱም በልጆች አንገት ላይ ታየ። በ1997 ዓ.ም. በአገሪቱ በተደረገ ጥናት ከ100 የትምህርት ዕድሜ ልጆች ወደ 40 የሚሆኑት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በ2003 ዓ.ም. የሚበላ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከ100 ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ግን ከ100 ቤት በ89ኙ ተገኝቷል። ሕግ ወጥቶ እንዲህ በአምስት ዓመት ገበያውን ሲለውጥ ማየት በእኔ ግምት ትልቅ ነገር ነው።

ጨዉን ስትገዙ «አዮዲን ያለበት» የሚለውን ከረጢቱ ላይ አንብቡ። ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው። ቤት ውስጥ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ። አንዳንድ ሰው ደቃቁ ቆሻሻ እንዲወጣ ብሎ ጨው ያጥባል፤ አዮዲኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመርም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ። ጨው ይጠብቃል እንጂ የደከመን እጢ ሁሉ አያድንም። የቆየና የጓጎለ እንቅርት በጨው አይጠፋም። እጢው በቀዶ ሕክምና የወጣለት፣ ወይም የገዛ ሰውነቱ እጢውን እያጠቃ ያደከመበት ሰውም አለ። እነዚህ ሰዎች የቱን ያህል አዮዲን ቢበሉ ሆርሞኑን የሚሠራው የለም። የሚያስፈልጋቸው ራሱ ሆርሞኑ ነው። ደግሞም እንቅርት ያለበት ሁሉ እጢው ደክሟል ማለት አይደለም። እጢው የደከመበት ሰውም አንገቱ ላያብጥ ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ምልክቱ

እጢው የደከመበት ሰው ይደክመዋል። ሌላው ሰው ላብ ሲያጠምቀው እርሱ ጋቢ ይደርባል። ሆዱ ይደርቃል። ቆዳው ይሻክራል፣ ጠጉሩ ይረግፋል፣ ድምፁ ይጎረናል። ሳይበላ ይወፍራል፤ ፊቱና የዓይኑ ቆብ ያብጣል። ይረሳል፣ ያዝናል። በሴት ላይ የወር አበባ ሊበዛ ወይም ሊዛባ፣ ፅንስም ሊያስወርዳት ይችላል። ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ቤተሰቡ «ሰነፈች» ወይም «አረጀ» ይላል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ስንፍና የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ድካም ከደም ማነስም፣ ከወባም፣ ከሐሳብም ይመጣል። ስለዚህ በግምት ክኒን አይጀመርም።

ክኒኑና ልኩ

ይህ መድኃኒት ከበግ ነው የጀመረው ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1891 በእንግሊዝ አገር ጆርጅ መሪ የሚባል ሐኪም ከበግ አንገት የወጣውን እጢ ጨምቆ እጢዋ ለደከመባት የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት። ሴትዮዋ ተነሣች። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ74 ዓመቷ አረፈች። ለእርሷ መድኃኒት ከ870 የሚበልጡ በጎች እጢ አስፈልጓል። እ.ኤ.አ. በ1927 ሊቃውንት ሆርሞኑን ያለ በግ መሥራት ቻሉ። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ትንሽ ክኒን ነው። እጢው ይሠራው የነበረውን ይተካል እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህም ነው ለአብዛኛው ሰው ዕድሜ ልክ የሚወሰደው። በየቀኑ እህል የምንበላው ትናንት የበላነው ስላልሠራ ነው እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልኩ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። እጢው ጨርሶ የማይሠራ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ወደ 100 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። ይህ የአንዲት ጤፍ ፍሬ ሲሶ ያህል ነው! እጢው በከፊል የሚሠራ ሰው ያነሰ ይበቃዋል። ሽማግሌና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ግን በ25 ወይም ከዚያም ባነሰ ይጀምርና ቀስ እያለ ይጨምራል። ቶሎ ከተጨመረበት ልቡ ይጎዳል። ስለዚህ ጎረቤታችሁ 100 እየወሰደች ለእናንተ 25 ቢሰጣችሁ ሐኪሙ ንቆኛል አትበሉ።

ልኩ የሚታወቀው ቲ ኤስ ኤች በሚባል የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ በእርሻ ምሳሌ እንየው። እጢው በሬ ነው። በጭንቅላት ውስጥ፣ ከአንጎል ሥር ያለ ሌላ እጢ ደግሞ አራሹ ነው። ቲ ኤስ ኤች የአራሹ ጅራፍ ነው። በሬው ሲደክም አራሹ ጅራፉን ያበዛል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ካለ በሬው ደክሟል፣ ክኒኑ አንሷል ማለት ነው። ቁጥሩ እጅግ ዝቅ ካለ ደግሞ በሬው ከልክ በላይ ስለሚሮጥ አራሹ ጅራፉን አስቀምጧል፣ ክኒኑ በዝቷል ማለት ነው። ለብዙ ትልልቅ ሰዎች ደህናው ቁጥር ከ0.4 እስከ 4 ባለው ውስጥ ነው። ቁጥሩ ከፍ አለ ሲባል «ክኒኑ በዝቶብኛል» ብሎ መቀነስ ነገሩን መገልበጥ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትዕግሥት ነው። ይህ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ግማሹ ለመውጣት 7 ቀን ያህል ይፈጅበታል። ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጋን አስቡ። በየቀኑ አንድ ጣሳ ትጨምሩበታላችሁ፣ በየቀኑም ይንጠባጠባል። ውሃው ከፍ እያለ ሄዶ አንድ ቦታ የሚረጋው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። የክኒኑ ልክ ሲጨመር ወይም ሲቀነስም ደም ውስጥ እስኪረጋ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ሐኪሙ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይታችሁ ለምርመራ ተመለሱ የሚለው ለዚህ ነው። ልኩ በመስቀል ቢለወጥ ምርመራው ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ በፊት የሚደረግ ምርመራ ያልረጋ ውሃ መለካት ነው፤ ገንዘብም ይጨርሳል። ከጊዳ አያና ወይም ከሊሙ ነቀምቴ ድረስ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ቀላል ስላልሆነ ቀኑን አስቀድሞ ቆጥሮ መያዝ ይጠቅማል። ልኩ እስኪገኝ ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው።

በዚህ መሐል ድካሙ በአንድ ቀን አይለቅም። አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ይቀለዋል፤ ጠጉርና ቆዳ ግን ወራት ይፈልጋሉ። ለእነዚያ ሳምንታት ከባዱን ሥራ ቤተሰቡ ይካፈል። ውሃ መቅዳቱና እንጨት መሸከሙ በደከመችው እናት ላይ ብቻ አይጣል። ልብ ከመታ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ከበዛ፣ እንቅልፍ ከጠፋ ክኒኑ በዝቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ ነው። ደረትን የሚወጋ ሕመም ከመጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት።

ስለ ቡና

ወለጋ የቡና አገር ነው። እዚህ ላይ ቅር እንደምትሰኙ አውቃለሁ። ክኒኑ ጧት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ይዋጣል። ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቡናም፣ ወተትም፣ ቁርስም አይነካም። ቡና ከክኒኑ ጋር ከገባ መድኃኒቱ ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ ልኩም ይዛባል። ቡና ተዉ አላልንም። ክኒኑን ዋጡ፣ ከዚያ ቡናው ይቆላ፣ ይወቀጥ፣ ይፈላ። አቦሉ እስኪቀዳ ሰዓቱ ይደርሳል።

ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት ክኒን፣ ካልሲየምና የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ ቢያንስ አራት ሰዓት ይራቁት። ነፍሰ ጡር ሴት የብረት ክኒን ስለሚሰጣት ይህን በተለይ ትያዝ። ጧት የማይመቸው ሰው ሐኪሙን አማክሮ ማታ ሲተኛ፣ እራት ከበላ ሦስት ሰዓት በኋላ ሊወስደው ይችላል። በረመዳንም ይህ ይረዳል። ዋናው በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት መሆኑ ነው። አንድ ቀን ቢረሳ ጋኑ ወዲያው አይጎድልምና አትደንግጡ፤ ሳምንት መርሳት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ጎመን በማታው ትምህርት ላይ ጠይቃችሁናል። ጎመን ብሉ። የሚጎዳው አዮዲን በሌለበት ቤት ከመጠን በላይ ሲዘወተር ነው።

ያረገዘች እናት

ይህን ክፍል ባሎችም ያንብቡት። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የራሱ እጢ ስለማይሠራለት የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። እናትየዋ ካጣች ፅንሱ ሊወርድ፣ ሞቶ ሊወለድ፣ ወይም ተወልዶ አእምሮው ሳያድግ፣ ጆሮው ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ይህ ጉዳት በኋላ በመድኃኒት አይመለስም። እንዲህ ያለውን ልጅ አንዳንድ ሰው እርግማን ነው ይላል። እርግማን አይደለም።

ክኒን የምትወስድ ሴት ስታረግዝ የሚያስፈልጋት ልክ ይጨምራል፤ በሲሶ ያህል የሚጨምርላት ብዙ ናት። ስለዚህ የወር አበባዋ እንደቀረ ሦስትና አራት ወር ሳትጠብቅ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትንገር፤ ወደ ጤና ጣቢያም ትሂድ። «መድኃኒት ፅንስ ይጎዳል» ተብሎ ይህን ክኒን ማቋረጥ ከሁሉ የከፋ ነው። ይህኛው ፅንሱን የሚጠብቅ ነው። በወሊድ ጊዜና ጡት ስታጠባም አይቋረጥም፤ ከወለደች በኋላ ልኩ እንደገና ይመረመራል።

አንገትን የሚበጣና የሚተኩስ ሰው አሁንም አለ። በአንገት ውስጥ ትልልቅ የደም ሥሮችና የድምፅ ነርቭ ስለሚያልፉ ይህ ይገድላል። ትልቅ እንቅርት ትንፋሽ ወይም ምግብ ከከለከለ ቀዶ ሕክምናው በሆስፒታል ነው የሚሆነው። እጢው በሙሉ ከወጣ ደግሞ ክኒኑ ከዚያን ቀን ጀምሮ አይቀርም።

ክኒኑን ከጭስና ከእርጥበት አርቃችሁ፣ በማሸጊያው እንዳለ፣ ልጆች በማይደርሱበት አኑሩ። ምድጃው በላይ ያለው ቆጥ ቦታው አይደለም። ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ወይም ወደ ነቀምቴ ስትሄዱ ካርዱንና ባዶውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። ክኒኑ በ25፣ በ50 እና በ100 ማይክሮግራም ስለሚመጣ በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ትናንት ባለ 100 ወስዳችሁ ዛሬ ባለ 50 ከተሰጣችሁ ከመድኃኒት ቤቱ ሳትወጡ «ስንት ፍሬ ነው የምወስደው?» ብላችሁ ጠይቁ።