ሰብለ ማንን ትመስላለች?

እኛ ቤት የነበረው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሽፋን አልነበረውም። አዲሎ ሰፈራችን ውስጥ ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ መጽሐፍ ስለሆነ እኔ ዘንድ ሲደርስ የፊቱም የኋላውም ሽፋን ተገንጥሎ ነበር። አባቴ በካኪ ወረቀት ለብጦ ርእሱን በእስክሪብቶ ጽፎበታል። የደራሲውን ስም ግን ቦታ አልበቃው ብሎ «ሐዲስ ዓ.» ላይ አቁሞታል። እናቴ አማርኛ መስማቱን ትሰማለች፣ ማንበቡ ግን አይቀናትም። ስለዚህ ማታ ማታ አባቴ ያነብና ወደ ከምባትኛ እየመለሰ ይተርክላት ነበር። እኔም ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሳን መጀመሪያ የማውቃቸው በአባቴ አፍ ነው፤ ፊታቸውን ግን ማንም አላሳየኝም። የእናቴ ሰብለ ጠይም፣ ረዘም ያለች ሴት ነበረች። የእኔዋ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማረችንን መምህርት ነበር የምትመስለው። በዚህ ጉዳይ ተጣልተን አናውቅም።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 መገባደጃና በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ በሰውመሆን ይስማው (ሶሚ) አዘጋጅነት የተሠራው «ፍቅር እስከ መቃብር» ተከታታይ ድራማ ወሬ አገሩን ሲሞላው፣ ሆሳዕና ከተማ አንድ መጽሐፍ አዟሪ የሠራው ሥራ ትኩረቴን ሳበው። የያዛቸው ቅጂዎች ያገለገሉ ናቸው። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የድራማውን ተዋንያን ፎቶ በቀለም አሳትሟል፤ ከዚያ እያንዳንዱን መጽሐፍ በላስቲክ ለብጦ ፎቶውን በላስቲኩና በድሮው ሽፋን መካከል ሰክቶታል። «ሰው ድራማ ያለበትን ስጠኝ ነው የሚለኝ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔም ከሳቅሁ በኋላ አንዱን ገዛሁ። ኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው ሳያውቀው የሠራው በውጭ አገር ትልልቅ አሳታሚዎች መቶ ዓመት ያህል ሲሠሩበት የኖሩትን ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ወይም ወደ ቴሌቪዥን ሲዞር አሳታሚው መጽሐፉን እንደገና ያትመዋል። ውስጡ ያው ነው፣ አንድ ቃል አይለወጥም። የሚለወጠው ሽፋኑ ነው። የፊልሙ ፖስተር ወይም የተዋንያኑ ፎቶ ይገባበታል፤ ከላይ ወይም ከጥግ «አሁን በፊልም» የሚል ዓይነት ማስታወቂያ ይታከልበታል። የሚወጣውም ፊልሙ ሊታይ ትንሽ ሲቀረው ነው። ፊልሙ ሲረሳ ሽፋኑም ከመደርደሪያ ይወርድና መጽሐፉ ወደ ድሮ ልብሱ ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን እንኳ እንደ ግሮሴት ኤንድ ደንላፕ ያሉ አሳታሚዎች የፊልሙን ፎቶግራፎች በውስጥ ገጾች ያስገቡባቸውን ርካሽ እትሞች ይሸጡ ነበር። የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ (እኛ ነቢይ መኮንን በተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» የምናውቀው) በ1936 እ.ኤ.አ. ታትሞ ፊልሙ በ1939 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እንዲሁ የፊልም እትም ተዘጋጅቶለታል። በነገራችን ላይ ነቢይ ያንን መጽሐፍ የተረጎመው በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ከኛ የካኪ ወረቀት የባሰ አለ ማለት ነው።

ለመሆኑ አንባቢ በዚህ ሽፋን ለምን ይናደዳል? የ«ታላቁ ጋትስቢ»ን ጉዳይ ማየት ይበቃል። መጽሐፉ በ1925 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፍራንሲስ ኩጋት የተባለ ሠዓሊ የሠራው ሽፋን ነበረው፤ በጠቆረ ሰማያዊ ሰማይ ላይ የተንሳፈፉ የሴት ዓይኖችና ከንፈር፣ ከታች የከተማ መብራት። ሥዕሉ የተሠራው ድርሰቱ ሳያልቅ ነው። ደራሲው ፊትዝጀራልድ ሽፋኑን ለሌላ መጽሐፍ እንዳይሰጡበት አርታኢውን ተማጽኖ፣ ሥዕሉን ድርሰቱ ውስጥ እንዳስገባው ጽፎለታል። ሽፋን ድርሰትን ሲከተል እንጂ ድርሰት ሽፋንን ሲከተል የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሊዮናርዶ ዲካፕሪዮ የተወነበት ፊልም ሲመጣ አሳታሚው ሁለቱንም ሽፋኖች ጎን ለጎን ለገበያ አወጣ። እንደ ዋልማርት ያለው ትልቅ መደብር የተዋናዩን ሲሸጥ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ነጻ መጻሕፍት ቤቶች የድሮውን ብቻ እንሸጣለን አሉ። ባቡር ውስጥ የፊልሙን ሽፋን ይዞ መታየት ያሳፍራል እስከማለት የደረሱም ነበሩ። ይሄ እንኳ ጉራ ይመስለኛል። መጽሐፍ ይዞ በመታየት የሚያፍር ሰው አዲሎ ውስጥ አላየሁም።

ነገር ግን ከጉራው በታች እውነተኛ ጥያቄ አለ። ሥዕል ይጠቁማል፣ ፎቶ ግን ይወስናል። የተሣለች ሴት ሽፋን ላይ ብትታይ አንባቢው የራሱን ሰብለ ለመሥራት ቦታ ይቀርለታል፤ የምትታወቅ ተዋናይት ፎቶ ከሆነ ግን ገና መጀመሪያው ገጽ ሳይገለጥ ጉዳዩ አለቀ። እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ ስለ ዜና ፎቶ ስንማር፣ አንባቢ ከጽሑፉ በፊት ፎቶውን እንደሚያይና ጽሑፉን በዚያ መነጽር እንደሚያነብ ተነግሮናል። የመጽሐፍ ሽፋንም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ጋዜጣ ነገ ይጣላል፣ መጽሐፍ ግን ሃያ ዓመት ቤት ውስጥ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ የኛን አገር ታሪክ ልዩ የሚያደርገው ነገር አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከወረቀት ወጥቶ ወደ ሕዝብ ጆሮ የገባው ግን በቴሌቪዥን አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ተረከው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ሳይቀር ፊታውራሪ መሸሻን በድምፃቸው ለየ። ቴዲ አፍሮም በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» አልበሙ ላይ «ማር እስከ ጧፍ»ን ሲዘፍን ታሪኩን ለጆሮ ነው ያቀረበው። ድምፅ ደግሞ ፊት የለውም። ወጋየሁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጉዱ ካሳ ሰጠ፤ ሆኖም መልኩን እያንዳንዱ ሰሚ ለራሱ ሣለ። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት እየተወራ፣ እየተተረከ ሲኖር የሰብለ ፊት የማንም አልነበረም። ስክሪኑ ሲመጣ የተፈጠረው ስሜት ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ሰው የተከራከረው ተዋናይቷ ጥሩ ተወነች አልተወነችም ብሎ ብቻ አይደለም። «የኔዋ እንዲህ አይደለችም» ብሎ ነው።

እኛ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። ከሆሳዕና የገዛሁትን ቅጂ ለታናሽ ወንድሜ ወሰድኩለት። ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ መጽሐፍ አይወድም። ያንን በካኪ የተለበጠውን መጽሐፍ ዕድሜ ልኩን ሲያየው ኖሮ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም። ባለ ፎቶውን ግን ገና ሳስረክበው «ይሄማ ድራማው ነው!» ብሎ ያዘው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀውም። እውነቱን ለመናገር በፎቶ ሽፋን ላይ የነበረኝ ንቀት ግማሹ የዚያን ቀን ረገፈ። የአባቴ ካኪ ያላደረገውን አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት አደረገው።

ጭቅጭቁ የመጣው ሲጨርስ ነው። መጨረሻው ላይ አልቅሶ ነበር፣ እሱ ግን አላለቀስኩም ይላል። ማታ ቡና ላይ ሽፋኑን ለእናቴ እያሳየ «እማዬ፣ ሰብለ ይቺ ናት» አላት። እናቴ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችና «ቆንጆ ናት። ግን ሰብለ አይደለችም» ብላ መለሰችለት። እሱ መጽሐፉን ገልጦ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ደግሞ «እኔ ከአንተ በፊት ነው የማውቃት» አለችው። አባቴ ጣልቃ አልገባም፣ ሲኒውን ይዞ ይስቃል። እኔ ግን ያሳዘነኝ ነገር ነበር። ወንድሜን «ፎቶውን ሳታይ ብታነብ ማንን ትመስልህ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ጥያቄው አልገባውም። ደጋግሜ ጠየቅሁት። «ይቺን ነዋ!» አለኝ።

ለአዟሪው ከተመለስኩ ሌላም ጉዳይ አለ። በቀደም ሳገኘው የጋዜጠኝነት ተማሪ መሆኔን ስለሚያውቅ «ያስጠይቀኛል እንዴ?» አለኝ። ያስጠይቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ጽሑፉ እስከ 2046 ዓ.ም. ግድም የወራሾቻቸው ወይም ወራሾቹ መብቱን የሰጡት ሰው ነው። ያገለገለ መጽሐፍ መልሶ መሸጥ አንድ ነገር ነው፤ የድራማውን ፎቶ አባዝቶ መሸጥ ግን ሌላ ነው። ድራማው የራሱ ባለመብት አለው፣ ፎቶውም ሥራ ነው። ትክክለኛ አሳታሚ እንዲህ ያለ ሽፋን ለማውጣት ሁለት በር ማንኳኳት አለበት፤ አንዱ የጽሑፉ ባለቤት፣ ሌላው የፊልሙ። በውጭ አገር ውሉ ላይ የተዋናዩ ፊት በሽፋን ላይ መውጣቱ ራሱን የቻለ ድርድር ያለበት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ አሳታሚ ከአዟሪ ኋላ ቀርቶ ሲመጣ፣ ገበያው የሚፈልገውን ሽፋን ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራዋል። ገንዘቡም ለወራሾቹም ለድራማው ሠሪዎችም አይደርስም።

ይህን ሁሉ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ሥዕል ባሠራስ?» አለኝ። የራሱ ሥዕል ከሆነ የፎቶው ጣጣ ይቀርለታል አልኩት። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አንዱን አሳየኝ። የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ልጅ ነው የሠራለት፤ ነጠላ የተከናነበች ወጣት፣ ከኋላዋ ተራራ። ተራራው የጎጃም አይደለም፣ ከዱራሜ በላይ የሚታየው አምበርቾ ነው። ልጅቷም የዚሁ የኛው ሰፈር ልጅ ትመስላለች። ከአምስቱ ሁለቱ ተሽጠውለታል፤ ባለ ፎቶዎቹ ግን አልቀዋል።